የውሃውን ነገር የሚያውቀው ሰው

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ክረምት ነው። ባለቤቴ ከድር በግንቦት መጨረሻ አርፎ እኔ ዒዳ ላይ ነበርኩ። አሁን ዒዳዬም አልቋል፣ ክረምቱም አልፏል። ነገር ግን የማላውቀው ቁጥር በደወለ ቁጥር እስከ ዛሬ እፈራለሁ። ለዚህ ነው ቀስ እያልኩ፣ ሲደክመኝም እያቆምኩ የጻፍኩት።

ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። በእኛ በሙስሊሞች ዘንድ ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ቤቷ ትቀመጣለች። አትዋብም፣ ያለ ግድ ከቤት አትወጣም። ዒዳ የምንለው ይህንን ነው። እኔ መቀመጡን አልጠላሁትም። ወጥቼስ የት ልሄድ? አሰላ በክረምት ጭጋግ ነው፤ ጭላሎ ተራራ እንኳን ከነመኖሩ ይረሳል። አንዲቷ ልጄ ሐያት አዳማ ነው የምትሠራው፤ ፈቃዷ አልቆ ተመልሳለች። ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ።

ከድር የኮምባይነር ሹፌር ነበር። በአጨዳ ወራት ከሮቤ ጎበሳ፣ ከጎበሳ ኦጎልቾ ሲል ይከርማል። ያገኘውን በእኔ ስም በተከፈተ ሂሳብ ያስገባል፤ የእኔም ጡረታ እዚያው ይገባል። ሂሳቡ የእኔ ይሁን እንጂ ባንኩ ጋ የተመዘገበው ስልክ የእሱ ነበር። እኔ ዕድሜዬን በወረዳ መዝገብ ቤት የጨረስኩ ሴት ነኝ፤ ማንበብ መጻፍ አይቸግረኝም። የባንክን ጣጣ ግን ለእሱ ትቼው ነበር። ሁለታችን የለፋንበት በሙሉ እዚያ ሂሳብ ውስጥ ነው። ሌላ የለኝም።

መጀመሪያ የሄደው ካርዱ ነው። ጎረቤቴ አስካለ ክርስቲያን ናት፤ አንድ አጥር ተጋርተን ነው ያረጀነው። እኔ መውጣት ስለማልችል ካርዱን ከነሚስጥር ቁጥሩ ሰጥቻት ወደ ማሽኑ ላክኋት። ጃንጥላዋ እየተንጠባጠበ ተመለሰች።

«ዋጠው» አለችኝ በር ላይ ቆማ።

«ምኑን?»

«ካርድሽን ነዋ! ቁጥሩን ስነካ እምቢ፣ ደግሜ ስነካ እምቢ፣ በሦስተኛው ጎረሰው። በእጄ ልጎትተው ስል ዘበኛው አየኝ።»

ከድር ከሞተ ወዲህ የሳቅሁት ያን ቀን ነው። ባንኩ ግን አልሳቀም። አዲስ ካርድ የሚሰጠው የካርዱ ባለቤት በአካል ቀርባ አሻራ ስትሰጥ ነው ብሎ መለሳት። እንግዲህ ዒዳዬ እስኪያልቅ ይቆይ ብዬ ተውኩት። ለአስቤዛ ሐያት በአስካለ በኩል ትልክልኝ ጀመር።

የከድርን ስልክ ግን በየቀኑ ቻርጅ አደርገው ነበር። መስኮቱ ሥር አስቀምጠዋለሁ። እሱ በየአገሩ ሰው ስለሚያውቅ ዘግይቶ የሰማ ሁሉ ይደውላል። ለቅሶ ሊደርስ የደወለን ሰው ስልክ ዘግቶ መመለስ በር ዘግቶ ከመመለስ አይለይም። አነሳለሁ። «አላህ ሰብር ይስጥዎ» ይላሉ። ከዚያ «እንዴት ነበር?» ይላሉ። ሐዘንተኛም እንዴት እንደነበር ይናገራል። ወጉ እንደዚያ ነው።

በሐምሌ አንድ ልጅ ደወለ። ድምፁ ገና የወጣት ነው።

«ሃርሜ፣ ከጎበሳ ነው። ጋሽ ከድር መሪ ያስጨበጠኝ ልጅ ነኝ። አሁን ገና መስማቴ ነው» አለና አለቀሰ።

ሃርሜ በኦሮምኛ እናቴ ማለት ነው፤ በእኛ አገር አንድ ወጣት እንደዚያ ብሎ ሲጠራ ልብ ይራራል። ከድር ያሰለጠናቸው ብዙ ናቸው፤ ስሙን ሲነግረኝ ባላስታውሰውም አልገረመኝም። እንዴት ነበር አለኝ። ነገርኩት። ለማንም ያልነገርኩትን ጭምር ነገርኩት።

ከድር ያረፈው ጠዋት ነው፤ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ውሃ አለኝ። ተነስቼ ወደ ጓዳ ሄድኩ። ብርጭቆውን ይዤ ስመለስ አልነበረም። ይህንን ለሐያት እንኳን አልነገርኳትም፤ አባቷን እንደጠማው አድርጋ በሐሳቧ ትስለዋለች ብዬ ፈራሁ። ለዚያ ልጅ ግን ወጣልኝ። ዓይን ለዓይን ስለማንተያይ ይሆናል። እሱም ሰማኝ፣ አብሮኝ አለቀሰ።

በመጨረሻ «ሃርሜ፣ እኛ ኮምባይነር ላይ ያለነው ልጆች ትንሽ አዋጥተናል። በየትኛው ሂሳብ እናስገባልዎት?» አለ። ለሐዘንተኛ ማዋጣት ያለ ነገር ነው። የሂሳቡን ቁጥር ሰጠሁት። ባንክ መሄድ እንደማልችል፣ ካርዱን ማሽን እንደዋጠው፣ ሁሉንም አወራሁት። መርቄው ዘጋሁ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ከሰዓት ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የከድር ስልክ ደግሞ ጮኸ። አሁን የደወለው ጠና ያለ ሰው ነው። አማርኛው የቢሮ አማርኛ ነው።

«ወይዘሮ ዘይነባ፣ ከባንክ ነው። ካርድዎ በማሽን ተይዟል አይደል? ዒዳ ላይ እንደሆኑ ስለተነገረን በአካል ሳይመጡ እንዲስተካከልልዎ ወስነናል።»

እንዴት ደስ አለኝ! አስካለ ለባንኩ ነግራልኝ ይሆናል አልኩ። የእናቴን ስም ጠየቀኝ፤ ባንክም ይህንን ይጠይቃል። የትውልድ ዘመኔን ጠየቀኝ። ቀጥሎ ስልኩ ላይ መልእክት ገባ።

«ኮድ ደርሶዎታል። ቀስ ብለው ያንብቡልኝ።»

መነጽሬን አደረግሁ። ከቁጥሩ በታች ለማንም አይስጡ ይላል። ይህንኑ ነገርኩት።

«ለማንም ማለት ለውጭ ሰው ነው እናቴ። እኛ ባንኩ ነን» አለ።

ማንበብ ጀመርኩ። ቁጥሩ ግማሽ ላይ ስደርስ አፌ ደረቀ። «አንዴ ይጠብቁኝ፣ ውሃ ልጎንጭ» አልኩት።

«ለውሃ አይነሱ» አለ፤ ድምፁ ቸኩሎ ነበር። «ለውሃ ተነስተው የሆነውን ያውቁታል።»

ከጀርባዬ ሰው የቆመ መስሎኝ ዞርኩ። የውሃውን ነገር ከአላህ በታች የሚያውቁት እኔና ከጎበሳ ነኝ ያለው ልጅ ብቻ ነን። ይህ ደግሞ ልጁ አይደለም፤ ድምፁ ሌላ ነው። እንግዲህ ተቀምጠው አውርተውታል። የከድርን የመጨረሻ ሰዓት አንዱ ለአንዱ አቀብሎታል ማለት ነው።

ስልኩን ዘጋሁት። ወዲያው ደወለ። ዘጋሁት። ደወለ። ሲተው ደግሞ ኮድ ይገባል፤ አንዱን ሳላየው ሌላው ይመጣል። ሰው ውጭ ቆሞ የበሩን እጀታ እየሞከረ ይመስል ነበር።

በራሴ ስልክ ወደ ባንኩ ደወልኩ። ሙዚቃ፣ ከዚያ ይህንን ይጫኑ፣ ያንን ይጫኑ፤ በስንት ጊዜ አንዲት ልጅ አነሳች። የእናቴን ስም ጠየቀችኝ። አሁን የእናቴን ስም መናገር ራሱ አስፈራኝ፤ ግን ተናገርኩ።

«የሚደውሉት ከተመዘገበው ስልክ አይደለም። ለደህንነትዎ ሲባል በአካል ይቅረቡ» አለችኝ።

«ልጄ፣ ሌባው እኮ በአካል አልቀረበም!» አልኳት። ይቅርታ ጠይቃ ያንኑ ደገመችልኝ። በከድር ስልክ ልሞክር ብዬ ሳነሳው እነሱ በመሃል ይገባሉ።

በዚህ መሃል በሩ ተንኳኳ። መልስ አልሰጠሁም። እነዚያ ሰዎች ብቻዬን መሆኔን ያውቃሉ፤ መውጣት እንደማልችልም ያውቃሉ። ደግሞ ተንኳኳ።

«ዘይነባ! ምነው፣ አንቺንም ማሽን ዋጠሽ እንዴ?»

አስካለ ናት። ከፍቼ እጇን ያዝኳት። የሆነውን ስነግራት መሳቋን ተወች።

«ተነሽ» አለችኝ።

«ዒዳዬስ?»

«የእናንተን ሕግ እኔ አላውቅም። የሚያውቀውን ደውለሽ ጠይቂ፤ ግን ጫማሽን እያጠለቅሽ ጠይቂ።»

ለመስጊዳችን ኢማም ደወልኩ። ጨርሼ ሳልነግራቸው «ግድ ከሆነ ቀን ይወጣል እህቴ። ጉዳይሽን ጨርሰሽ ሳይመሽ ቤትሽ ግቢ» አሉኝ።

ከቀብሩ ወዲህ ከግቢ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ባጃጁ ውስጥ የከድርን ስልክ በጉያዬ ይዤ ነበር፤ ደረቴ ላይ ይንቀጠቀጣል። መንገድ ላይ ስልክ የሚያወራ ወንድ ባየሁ ቁጥር እሱ ይሆን እላለሁ። የባንኩ ዘበኛ ፈትሾ አስገባን። ዒዳ ላይ ያለች ሴት መሆኔን ከአለባበሴ አውቀው ሰልፈኞቹ አሳለፉኝ።

መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ መታወቂያዬን አየ። አሻራዬን መሣሪያው አልወሰደውም፤ በሳሙና ያለቀ ጣት ነው። «ሌላ ጣት» አለኝ፣ «ሌላ ጣት»። በመጨረሻ ያዘ። ከዚያ ቀና ብሎ እንዲህ አለ፦

«እናቴ፣ እርስዎ መሆንዎን ለማረጋገጥ ኮድ ተልኳል። ያንብቡልኝ።»

ስልኩን አወጣሁ፤ ኮዱ አለ። አፌ ግን አልከፈት አለ። ያኛውም ልክ እንደዚህ ነው ያለኝ፤ ቃሉም፣ ትሕትናውም አንድ ነው።

«እናቴ፣ ጊዜው ያልፋል» አለ ልጁ።

አስካለ አንገቷን በመስኮቱ አስገባች። «ቆይ አንተ፣ አንተንስ ማን ያውቅሃል? እሷ ከእናቷ ስም እስከ ጣቷ ሰጠች። እስቲ አንተ ደግሞ መታወቂያህን አሳያት!»

ሰልፈኛው ሳቀ። ልጁ ግን አልሳቀም፤ ፊቴን አይቶ ይመስለኛል። ከአንገቱ ያለውን ባጅ አውልቆ በመስኮቱ ሰጠኝ። ስሙን አነበብኩ፣ ፎቶውን ከፊቱ ጋር አስተያየሁ። ስልኩን አዙሬ አስጠጋሁለት፤ ራሱ አየው። እኔ አንድም ቁጥር ከአፌ አላወጣሁም።

ሂሳቡ ታገደ። ምንም አልወጣበትም። ሰዎቹ ሲሞክሩ እንደነበሩ ግን የባንኩ ልጅም ኮምፒውተሩ ላይ አየው። የተመዘገበው ስልክ ወደ እኔ እንዲዞር ፈረምኩ። ባጃጅ ውስጥ ስንመለስ የከድር ስልክ ጸጥ አለ። እነዚያ ሰዎች ስለተዉኝ ነው፤ ለእኔ ግን ከድር ለሁለተኛ ጊዜ የሄደ መሰለኝ።

ማንነታቸው አልታወቀም። ለፖሊስ አመለከትኩ፤ የደወሉበት ቁጥር ከዚያ ወዲህ አይሠራም ተባልኩ። ገንዘቡ ተርፏል፣ አልሐምዱሊላህ። የወሰዱብኝ ግን ሌላ ነው። ያ ልጅ ያለቀሰው ከልቡ ይሁን ለሥራው፣ አሁንም ሌሊት ስነቃ እጠይቃለሁ። የትም ሆኖ፣ ከማንም ጋር ሆኖ፣ ከድር ውሃ ጠይቆኝ ሳላደርስለት መቅረቴን ያውቃል።

ለዚህ ነው በዚያው ሳምንት ለሐያት ደውዬ ሁሉንም የነገርኳት። ከልጄ በፊት ሌባ ማወቁን መሸከም አልቻልኩም። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሐያት?» አልኩ።

«አለሁ እማ» አለችኝ። «እኔም ብሆን ለውሃ እነሳ ነበር።»

የከድርን ስልክ ዛሬም ቻርጅ አደርገዋለሁ። ከማላውቀው ቁጥር ሲደወል ግን ቁጭ ብዬ እስኪያቆም አየዋለሁ፤ አላነሳውም። ከደወሉት ውስጥ ከሩቅ አገር ከድርን ብሎ፣ ከልቡ አዝኖ የደወለ ሰው ካለ ይቅር ይበለኝ። ፈርቼ ነው።