ጨው የተከሰሰበት ቁርስ ቤት

ባለፈው ሰኞ ጠዋት... መሳለሚያ እትዬ ብርቄ ቁርስ ቤት ቁጭ ብዬ ፍርፍሬን እየጠበቅኩ ነው። አንድ ነጭ ጋዎን የለበሰ ሰውዬ ሳምሶናይት አንጠልጥሎ ገባ። ሐኪም እንዳትሉ፣ ጫማው ጭቃ በጭቃ ነው።

እኔ የሳሙና ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ የምሠራ ኬሚስት ነኝ። ጋዎን የምለብሰው አሲድ ልብሴን እንዳይበላው ነው፣ ሥራ ስጨርስ እዚያው ሰቅዬው እወጣለሁ። መርካቶ መሃል ጋዎን ለብሶ የሚዞር ሰው ሳይ ገና ከሩቁ ይሸተኛል።

«እናቴ፣ ለሰው የሚያቀርቡትን ውሃ አስመርምረው ያውቃሉ?» አላቸው እትዬ ብርቄን።

«ኧረ ልጄ፣ ውሃ ደግሞ ምን ምርመራ አለው» አሉት። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚህች ቤት ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቃቸው ሰውም የለም።

አስፈቀደ እንዳትሉኝ። ከበርሜላቸው አንድ ብርጭቆ ቀዳ። ሌላ ብርጭቆ ላይ ከራሱ ጠርሙስ ውሃ ሞላ። «ይሄ በእኛ ማጣሪያ የተጣራ ነው» አለና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ከዚያ የብረት ዘንጎች ያሉት ዕቃ አውጥቶ ሶኬት ላይ ሰካና ዘንጎቹን ሁለቱም ብርጭቆ ውስጥ ነከረ።

ትንሽ ቆየ። የእትዬ ብርቄ ውሃ መጀመሪያ ቢጫ ሆነ... ቀጥሎ አረንጓዴ... በመጨረሻ የክረምት ጎርፍ መሰለ። የእሱ ግን ኩልል እንዳለ ነው።

«ይኸው፣ የምትጠጡት ይሄን ነው» አለ። ይሄን ያለው ለእሳቸው አይደለም፣ ወደ ተመጋቢው ዞሮ ነው። እዚህ ላይ ነው ሰውዬውን የናቅኩት። ማጣሪያ ለመሸጥ ብሎ የሴትዮዋን ስም በደንበኞቻቸው ፊት አፈር አበላው።

ጋሼ ሽኩር የሚባሉ የጣቃ ነጋዴ አሉ፣ ቁርሳቸውን ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚበሉት። የጀመሩትን ሻይ ገፋ አድርገው ተነሱና በሩ ጋ ቆሙ። ሌላው ተከተላቸው። ሌላውም። እትዬ ብርቄ ጭልፋቸውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። «ኧረ ስለ ማርያም፣ እኔም የምጠጣው ይሄንኑ ነው» ይላሉ። ማን ይስማቸው።

ደሜ ፈላ። ተንኮሉ እኮ እንኳን ለእኔ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪም ግልጽ ነው። የቧንቧ ውሃ ውስጥ ትንሽ ማዕድን ስላለ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ኤሌክትሪኩ ዘንጉን ይበላዋል፣ ያ ቡናማ ነገር የራሱ የብረቱ ዝገት ነው። የሰውዬው ውሃ ደግሞ ማዕድኑ ስለወጣለት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ ስለዚህ ኩልል ብሎ ይቀራል። እኛ ላብራቶሪ ውስጥ መጀመሪያ የምንጠረጥረው መሣሪያችንን ነው። ይሄ ሰውዬ ቆሻሻውን በሳምሶናይት ይዞ መጥቶ የሰው ቤት ይከሳል።

ብድግ አልኩ። ከጠረጴዛዬ ላይ ጨው ቆነጠርኩና የእሱ ንጹህ ውሃ ውስጥ ጨመርኩት።

«አሁን ንከረው» አልኩት።

«እህቴ፣ መሣሪያው ይበላሻል።»

«ንከረው ትልሃለች እኮ» አሉ ጋሼ ሽኩር ከበሩ ሆነው።

ሳይወድ በግዱ ነከረው። ያ ኩልል ያለ ውሃ ከእትዬ ብርቄ ውሃ ብሶ ጠቆረ። በሩ ጋ የቆሙት ጠጋ ጠጋ አሉ።

«አያችሁ አይደል፣ ችግሩ ውሃው አይደለም...» ብዬ ደረቴን ነፍቼ ወደ ብረቱ ጉዳይ ልገባ ስል ሰውዬው ከአፌ ነጠቀኝ።

«ትክክል ብላለች እህታችን» አለ፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ። «ውሃው አይደለም። ጨው ነው። የምንበላው ጨው እንዲህ የተበከለ ነው። በቅርቡ የጨው ማጣሪያም እናስገባለን።»

«ኧረ ብረቱ ነው» እላለሁ። «ኧረ ዝገት ነው» እላለሁ። ሰዉ ግን የጨው ዕቃውን ከፊቱ እያሸሸ ነው። ጋሼ ሽኩር ተመልሰው ተቀመጡና «እኔ ደግሞ ጨጓራዬን ምን ነካው እላለሁ» ብለው ሻያቸውን ጨለጡት። ሌሎቹም ተመለሱ። እትዬ ብርቄ ግንባሬን ሳሙኝ። «አንቺ ባትኖሪ ቤቴ ዛሬ ተዘግቶ ነበር» አሉኝ፣ ዓይናቸው እንባ አቅሯል። ምን ልበላቸው?

ሰውዬው ዕቃውን ሰብስቦ ሲወጣ ትከሻዬን ቸብ አደረገና «በርቺ፣ ባልደረባዬ» አለኝ። ባልደረባው... የት ነው አብረን የሠራነው? ቀኑን ሙሉ ትከሻዬን ሳራግፍ ዋልኩ።

ማክሰኞ ስሄድ ቤቱ ጢም ብሏል። በሩ ላይ በካርቶን «እዚህ ቤት ጨው አንጠቀምም» ተብሎ ተለጥፏል። ፍርፍሩን ቀመስኩት... አሁን እሱ ምግብ ነው? ሰዉ ግን ፊቱን ሳያጨማድድ ይበላል፣ አንዳንዱ እንዲያውም ቀለል ብሎኛል ይላል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሲባል እሰማ ነበር፣ በዓይኔ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

ዛሬ ጠዋት ከቤቴ ጨው በወረቀት ጠቅልዬ ሄድኩ። እንደ ሌባ ከጠረጴዛው ሥር ፈትቼ ፍርፍሬ ላይ ስነሰንስ ጋሼ ሽኩር አዩኝ።

«ምንድነው እሱ?»

ጨው ነው ብል ቤቱ ሊታመስ ነው። እትዬ ብርቄ ደግሞ ገና አሁን ነው ፊታቸው የተፈታው።

«የላብራቶሪ መድኃኒት ነው ጋሼ» አልኩ። «የምግብ ቆሻሻ ያጠፋል።»

አፌ ላይ እንዴት እንደመጣልኝ እንጃ። ጋሼ ሽኩር ሳህናቸውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉ። «ለእኔም ትንሽ ጣል አድርጊልኝ።» ጣል አደረግኩላቸው። ጎረሱ፣ አላመጡ፣ ፊታቸው በራ።

«ልጄ... ይሄን ነገር አትሸጪልኝም?»

ጋዎኔን ሥራ ቦታ ትቼ መምጣቴ ቆጨኝ።