ጥርስ የሌለው የቀስት ጫፍ

ወንድሜ ደጅ ላይ ማጭድ ሲስል የብረቱ ሽታ አባታችን ታሞ ከተኛበት ክፍል ገባ። ልጅ ሳለሁ ግምጃ ቤት ገበያ፣ ቀጥቃጩ ዘንድ የሸተተኝ ሽታ ነው። አባቴ ድንቻችንን ለሚጨርሰው ከርከሮ የቀስት ጫፍ ይመርጥ ነበር።

«ጥርስ ያለውን ውሰድ እንጂ! አንዴ ከገባ አይወጣም» አለው ቀጥቃጩ።

አባቴ ጥርስ የሌለውን፣ ሰፊውን አንስቶ ስለቱን በጥፍሩ ሞከረ። «ከቀናኝ ቶሎ ይረፍ፤ ካልቀናኝም ብረቱ ወልቆለት ይዳን። ይዞት እየዞረ አይሰቃይ።»

«ከርከሮ እኮ ነው፣ አባ!» አልኩት። የመረጠውን ከፍሎ ያዘ።

ወንድሜ ማጭዱን አስቀምጦ አባታችን አጠገብ ወደተቀመጥኩበት ገባ። «ሐኪሞቹ ተስፋ ባይሰጡንም ባሕር ዳር ወስደን አንዴ ደግሞ ኦፕራሲዮን ይደረግ» አለኝ። አባቴ «በቃኝ» ካለ ሰንብቷል።

የአባቴን የከሳ እጅ ያዝኩና ወንድሜን «ተወው፤ አይሰቃይ» አልኩት።