ቅጠል ነው ብዬ የደበቅሁት እንክብል

መጀመሪያ የጠፋብኝ «ጥለት» የሚለው ቃል ነው። ሽሮ ሜዳ ሃያ ዓመት ነጠላ የሸጥኩ ሴትዮ፣ ደንበኛ ፊት ጠርዙን በጣቴ እየነካሁ «ይሄ... ይሄ ነገር» እያልኩ ቀረሁ። እግሬም ይደነዝዘኝ ጀመር፤ እሱን ለእርጅና ሰጠሁት። ከዚያ አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ሆኜ ሰፈሬን አላውቅ ብዬ አልፌው ሄድኩ። ልጄ ሕሊና «እማዬ፣ ሱቁን ብንዘጋውስ?» አለችኝ። ያለዚያ ሱቅ እኔ ምንድን ነኝ?

ጎረቤቴ ጊንኮ ቢሎባ የሚባል እንክብል አመጣችልኝ። ለማስታወስና ለአንጎል የደም ዝውውር ነው አለችኝ። ከዛፍ ቅጠል መሠራቱን ስሰማ ደስ ብሎኝ መዋጥ ጀመርኩ። ሕሊና በሕፃንነቷ ታማ የተሳልኩት ስእለት አለብኝ፤ ዓመቱን ሙሉ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል አልቀምስም። በልቤ ቫልቭ ምክንያት ደግሞ ዋርፋሪን የሚባል መድኃኒት እወስዳለሁ። የክትትሉ ሐኪም «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ሲለኝ «ምንም የለም» አልኩት። ቅጠል መድኃኒት ነው እንዴ?

በሦስተኛው ሳምንት ነሰረኝ። ያዝኩት። አልቆመም። ነጠላዬ በደም ራሰ። የምሞት መሰለኝ።

ሆስፒታል ደሙ ከቆመልኝ በኋላ ሕሊና የእንክብሉን ጠርሙስ ከቦርሳዬ አውጥታ ለዶክተሯ ሰጠቻት።

«እናቴ፣ ዋርፋሪን ብቻውን ደም ያቀጥናል። ይሄ ሲጨመርበት ሊያደማዎት ይችላል። ለምን አልነገሩንም?»

አፈርኩ። እሷ ግን አልተቆጣችም፤ እንክብሉን አስቆመችኝ። ለምን እንደጀመርኩት፣ ምን ምን እንደምበላ ጠይቃ ደሜን አስመረመረች። ቫይታሚን ቢ12 በጣም ዝቅ ብሎ ተገኘ።

«ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው የሚገኘው። መርሳቱም መደንዘዙም ከዚህ ሊሆን ይችላል። ይታከማል።»

«ይታከማል» የሚለውን እንድትደግምልኝ ለመንኳት።

ስለ ስእለቴ ልከራከር ተዘጋጅቼ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ፤ እሳቸው ግን «መድኃኒት ጾም አያስገድፍም፣ ቶሎ ታከሚ» ብለው አሰናበቱኝ። ዋርፋሪን ስለምወስድ ጡንቻዬ እንዳይደማ ሆስፒታል የቢ12ቱን መርፌ ከቆዳ ሥር እየወጉኝ፣ ወር ወርን ሲተካ መጀመሪያ የእግሬ መደንዘዝ ለቀቀኝ፣ ቀጥሎም የደንበኞቼ ስም አንድ በአንድ እየተመለሰልኝ መጣ፤ ለማርያም በዓል የእንጦጦን ዳገት ቀስ እያልኩም ቢሆን በእግሬ ወጣሁት።

ለዶክተሯ ዕድሜ ይስጥልኝ። እናንተ መርሳት የጀመራችሁ፣ ቶሎ ተመርመሩ፤ የሚታከም ሊሆን ይችላል። ቅጠልም ሥርም የምትወስዱ፣ ለሐኪማችሁ ሳትደብቁ ንገሩ። ዋርፋሪኑንም በራሳችሁ አታቁሙ።

አሁን ሕሊና ሱቅ ታግዘኛለች። ትናንት አንዲት ደንበኛ ስትገባ ልጄ ጠጋ ብላ «እማዬ፣ ማን ነበር ስሟ?» አለችኝ። ስሟን ከነአባቷ ነገርኳት።