ለማነጻጸሪያ የተቀመጡት ሽማግሌ

ኮሌጁ በሚያድለው ወረቀት ላይ ሦስት ተማሪዎች ጥርሳቸውን ገልፍጠው ይታያሉ። ከሥራቸው በወፍራም ቀለም «ለምን ትጠብቃላችሁ?» ተብሎ ተጽፏል። አንዱን ዲግሪ በአራት፣ ሌላውን በሁለት ዓመት መማር የዘገምተኛ ሥራ ነው፤ ኪኔሲዮሎጂ ለሚባለው የሰውነት እንቅስቃሴ ትምህርት አቋራጭ ተቀዶለታል፤ ሁለቱም በአምስት ዓመት። ሽማግሌ እንዴት ሳይወድቅ እንደሚራመድ የሚያጠና ትምህርት በሩጫ ይሰጣል ማለት ነው። ይህን አይቶ የሳቀ አንድ ፕሮፌሰር አልተገኘም።

ማኬና ቮይት የወረቀቱን ቃል አምና ኮሌጁ ገባች። ጎበዝ ነበረች፤ ከአሜሪካዋ ዊስኮንሲን የወተት ገበሬዎች መካከል ወጥታ በአራተኛ ዓመቷ የሁለተኛ ዲግሪ ኮርስ ትወስድ ጀመር። አንዱ ኮርስ ለሁለቱም ዲግሪ ይቆጠራል፤ አንዱን በግ ለሁለት ድግስ እንደማረድ ነው። በአምስተኛው ዓመት የቀራት የመመረቂያ ጥናት ብቻ ነበር፦ እግር የሚያጠነክር እንቅስቃሴ አዛውንትን ደረጃ ያስወጣል ወይስ አያስወጣም? ለዚህ ሃያ ሽማግሌና አሮጊት ያስፈልጓት ነበር።

መጀመሪያ የተመዘገቡት ኦርቪል ፕሪቢል ነበሩ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ሠላሳ ዓመት የማኬናን መንደር የተማሪ አውቶቡስ ነድተዋል። ማኬና በልጅነቷ የጫማዋን ክር ሳታስር፣ ዳቦ በአፏ ይዛ ስትወጣ በበረዶው ውስጥ የአውቶቡሱን በር ከፍተው ይጠብቋት ነበር። «አትሩጪ፣ ትወድቂያለሽ! መሪው እኔ ጋ ነው፣ የት ይሄድብሻል?» ይሏት ነበር።

ሽማግሌው የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር። ከጫካቸው ዳር፣ ዛፍ ላይ፣ በአሥራ አንድ እርከን መሰላል የሚወጣ የአጋዘን መጠበቂያ ማማ አላቸው። በዚያ አገር በአደኑ ወር፣ ኅዳር ላይ፣ ማማው ላይ ያልወጣን ወንድ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጤናውን ይጠይቁታል። ልጃቸው ደግሞ «ጉልበትህ ሳይጠና መሰላሉን ብትነካ በመጋዝ ነው የምከትፈው» ብላለች።

ኮምፒውተሩ ዕጣ ጣለ። አሥሩ ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ የሚሉ፣ ሳጥን ላይ የሚወጡና የሚወርዱ ሆኑ። አሥሩ ተቀምጠው አንገትና ክንዳቸውን የሚያፍታቱ፣ ለማነጻጸሪያ ብቻ የተፈለጉ ሆኑ። የትኛው ለጉልበት እንደሚበጅ አይነገራቸውም። ኦርቪል የአንገቱ ደረሳቸው።

«ይኸኛው አሥራ ሁለት ሳምንት ነው፤ ከሰኔ ጀምሮ ደግሞ ሌላው ዓይነት ይሰጥዎታል» አለቻቸው ማኬና።

«ከአጋዘኑ በፊት ያልቃል?»

«በደንብ ያልቃል።»

እሳቸውም አመኗት። በየጠዋቱ አንገታቸውን ወደ ቀኝ አሥር፣ ወደ ግራ አሥር ያዞሩ ነበር።

ግንቦት ላይ ውጤቱ ታወቀ። እግራቸውን ያሠሩት ደረጃውን በቀላሉ ወጡት፤ አንገት አዟሪዎቹ እንደነበሩ ቀሩ። አማካሪዋ ዶክተር ሃልቨርሰን ደስ አላቸው።

«ለጽሑፍሽ የሚበቃ ቁጥር አግኝተሻል። ሁለተኛው ዙር ይቅር፤ ያለዚያ በነሐሴ አትመረቂም።»

«ቃል ገብተንላቸዋል እኮ።»

«ቅጹ ላይ ‹ሁኔታዎች ከፈቀዱ› ይላል።»

‹ሁኔታዎች ከፈቀዱ› የሚለውን ሐረግ የፈለሰፈ ሰው ሐውልት ይገባው ነበር፤ ስንቱን ጨዋ ሰው በሰላም አስተኝቷል! ማኬና ለአሥሩም አበባ የታተመበት ካርድ ላከች፤ «ጥናቱ ተጠናቋል፣ እናመሰግናለን።» በነሐሴም ዲግሪዋን ተቀበለች።

ኅዳር ላይ ለአደን ሳምንት አገሯ ገባች። ዓርብ ማታ፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ መንደሩ በሙሉ የተጠበሰ ዓሣ ሊበላ መጠጥ ቤቱ ሲሰበሰብ ኦርቪልን በር አጠገብ አገኘቻቸው። ከዘራ ይዘዋል።

«መጥፎ ተማሪ ሆንኩብሽ» አሏት ገና ሳትቀመጥ። «ሦስተኛው እርከን ላይ ጉልበቴ ከዳኝ። ልጄም መሰላሉን ነቅላ ወሰደችው። መጋቢት ላይ ወንድሜን ስቀብር እንቅስቃሴውን ሁለት ቀን ዘልዬ ነበር፤ አፍሬ አልነገርኩሽም። ቁጥርሽን አበላሸሁብሽ እንዴ?»

ማኬና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ምንም አላበላሹም፣ ሚስተር ፕሪቢል። የተሰጠዎት እንቅስቃሴ ለጉልበት አይረዳም። ያን አውቀን ነው የመረጥነው፤ ከሌሎቹ ጋር ለማነጻጸር።»

«ታዲያ አንገቴን በከንቱ ነው ያዞርኩት? ጉጉት አደረግሽኝ በይኛ!» ብለው ሳቁ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀባቸው። «ሌላው ዓይነትስ?»

«የእግሩ እሱ ነበር። እኔ ነኝ የሰረዝኩት። ለመመረቅ ቸኩዬ።»

ኦርቪል ዓሣቸውን አላምጠው ዋጡ።

«ሠላሳ ዓመት ስነዳ አንድ ልጅ ጥዬ ሄጄ አላውቅም» አሉ። ለማሽሟጠጥ አላሉትም፤ እንደ ወሬ ነው ያሉት። ቢሰድቧት በተሻላት ነበር።

«ነገ ልምጣና እንጀምር? አሥራ ሁለቱን ሳምንት በሙሉ፣ ከከተማ እየተመላለስኩ።»

«አደኑ ዘጠኝ ቀን ነው ልጄ። አሥራ ሁለት ሳምንትሽ የካቲት ይገባል። የካቲት ላይ ወጥቼ በረዶ ልተኩስ?»

ማኬና ሁለት ዲግሪዋን ይዛ ሳምንቶቹን በጣቷ ቆጠረች፤ እሷም የካቲት ላይ ደረሰች።

«ለማንኛውም ነይ» አሏት ኦርቪል። «ሁለት ሰዓት ላይ።»

በማግስቱ ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት ደረሰች። እሳቸው ግን ወንበሩን ግድግዳ አስደግፈው፣ በሩን ከፍተው ይጠብቋት ነበር። ቁጭ ብድግ አስጀመረቻቸው። አምስት ቆጠረች። ስድስተኛው ላይ ግማሽ ተነሥተው ተመልሰው ተቀመጡ።

«ላሳጥርልሽ?» አሏት እያለከለኩ።

«አያሳጥሩ» አለች ወለሉን እያየች።

ከጫካው በኩል ተኩስ ተሰማ፤ ቀጥሎ ሌላ። ኦርቪል ወደ መስኮቱ ዞር አሉ። አንገታቸው እንደሆነ በደንብ ይዞራል።