የፋብሪካው ኢሜይልና የእህቴ ኒካ

«ኢሜይል ሞተ!»

ይህ ጩኸት በኮሪደሩ ሲሰማ የምትፈለገው እኔ መሆኔን ፋብሪካው ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። የኮምፒውተር ክፍሉ ብቸኛ ሠራተኛ ነኝ። ፋብሪካው ኮምቦልቻ ነው፤ ጥሬ ዕቃውን ከውጭ ያስመጣል። እኔ ደሴ፣ ከፒያሳ ብዙ ሳልርቅ ቤት ተከራይቻለሁ። ጠዋት በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት እወርዳለሁ፤ ሲመሽ ያንኑ ጠመዝማዛ እወጣለሁ።

ያኔ ኢሜይላችንን የሚያመላልሰው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ መንቀርፈፉን የማውቀው ከሁሉም ኋላ ነበር። መጀመሪያ ግዢ ክፍል ያማርራል፣ ቀጥሎ ሽያጭ፣ በመጨረሻ እኔ እጠራለሁ። አንድ ቀን ወደብ ላይ የሚጠበቅ የዕቃ ሰነድ ሰርቨሩ ውስጥ ተወትፎ ዋለና ሥራ አስኪያጁ አስጠሩኝ። አባቴን የሚያክሉ፣ ሲቆጡም ድምፃቸው የማይነሳ ሰው ናቸው።

«ልጄ፣ ከእኛ በፊት አንቺ ማወቅ አልነበረብሽም?»

«ጋሼ፣ እሱን ብቻ ቁጭ ብዬ ሳይ መዋል አልችልም።»

«እንግዲያው የሚያይልሽ ነገር ፈልጊ።»

ፈለግሁ። ሰርቨሩ ያለው መስኮት በሌለው፣ ድሮ ዕቃ ማስቀመጫ በነበረ ጠባብ ክፍል ነው። እዚያ ተቀምጬ በየጥቂት ደቂቃው የሙከራ ደብዳቤ እየላከ፣ ደብዳቤው እስኪደርስ የፈጀውን ጊዜ የሚለካ ፕሮግራም ጫንሁ። ዲስኩ ሊሞላ ሲል፣ ያልሄዱ ደብዳቤዎች ሲከማቹ፣ መብራት ጠፍቶ ባትሪው ሲደክም እንዲያስታውቅ አደረግሁት። ኢንተርኔት ቢቋረጥም መልእክቱ እንዲደርሰኝ፣ አሮጌ ሞደም ውስጥ ሲም ካርድ ከትቼ ከስልኬ ጋር አገናኘሁት።

የመጀመሪያው መልእክት የመጣው ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ነበር። ደብዳቤ እየተከማቸ ነው ይላል። እንደደረስሁ በሩጫ ገብቼ የቆመውን የኢሜይል አገልግሎት አስነሳሁት። ሌሎቹ ኮምፒውተራቸውን ሲከፍቱ ሁሉም ነገር ደህና ነበር፤ ማንም አልጮኸም። ያን ዕለት የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም። አሁን ነጻ ወጣሁ ብዬ ነበር።

ሥራ አስኪያጁም ደስ አላቸው። የሰርቨሩን ሁኔታ የሚያሳይ ስክሪን ቢሯቸው ግድግዳ ላይ አሰቀሉ። ደህና ሲሆን አረንጓዴ፣ ሲበላሽ ቀይ። ከዚያ ወዲህ ቀይ ባዩ ቁጥር ይደውላሉ። ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ ስልኬ ይጮኻል፤ ሶላት ላይ ቆሜ ሳለሁ ኪሴ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ ስንተኛው የስግደት ረከዓ ላይ እንደነበርሁ ይጠፋኛል። ገላዬን ስታጠብ እንኳ ስልኩን በር ሥር አስቀምጥ ጀመር። ስልኬ ቶሎ ቶሎ እንዳይጮኽ ማስጠንቀቂያውን ትንሽ ላላ ባደርገው፣ እሳቸው ስክሪኑ ለምን እንደቀላ ይጠይቁኛል። ቀድሞ ባለማወቄ እወቀስ ነበር፤ አሁን ማወቄ ማምለጫ አሳጣኝ። ከሥራ ወጥቼም ያ መስኮት የሌለው ክፍል አብሮኝ ሐረጎን የሚወጣ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ደፍሬ ገባሁ። «ጋሼ፣ የሚያግዘኝ ሰው ያስፈልገኛል።»

ከልባቸው ተገረሙ። «ማሽን እየጠበቀልሽ ሰው ለምንሽ ነው?»

ማሽኑን የተከልሁት እኔው ነኝ።

በዚህ መሐል የታናሽ እህቴ የጋብቻ ማሰሪያ፣ ኒካው፣ ደረሰ። ቤተሰቦቼ ያሉት ቢስቲማ ነው። ፈቃድ ስጠይቅ ሥራ አስኪያጁ መርቀው ሰጡኝ፤ ስወጣ ግን «ስልክሽን እንዳትዘጊ» አሉኝ። ቅዳሜ ጠዋት፣ እህቴ የመረጠችውን ሻል በቦርሳዬ ይዤ፣ ከደሴ ተሳፈርሁ። ሐይቅን አልፈን ብዙም ሳንርቅ መልእክቱ መጣ። ደብዳቤ አይወጣም፣ አይገባም። ወዲያው ስልኩ ጠራ።

«ልጄ፣ የመርከቡ ሰነድ ዛሬ ካልደረሰ ዕቃችን ወደብ ላይ ይቀራል። የት ነሽ?»

«መንገድ ላይ ነኝ ጋሼ። የእህቴ ኒካ…»

«አውቃለሁ። ወላሂ ሌላ ሰው ቢኖረኝ አላስቸግርሽም ነበር።»

ሌላ ሰው ከልክለውኝ እንደነበር አላስታወሱም፤ እኔም አላስታወስኋቸውም። በስልኬ ሰርቨሩ ውስጥ ልገባ ብሞክር እንቢ አለኝ። «ወራጅ አለ!» ብዬ ወረድሁና ከመንገዱ ማዶ ተሻግሬ የሚመልሰኝን መኪና ጠበቅሁ። ወደ ቢስቲማ የሚሄዱት መኪኖች በፊቴ ያልፋሉ፤ በአንዱ ውስጥ የእናቴ ጎረቤት አይታኝ እጇን አወዛወዘች።

ኮምቦልቻ ስደርስ ሰርቨሩ ምንም አልሆነም። መንገድ ሲቆፈር የኢንተርኔት ገመድ ተቆርጦ ነው። እኔ የምጠግነው አልነበረም፤ ከመጠበቅ በቀር የማደርገው አልነበረኝም። ጠባቡ ክፍል ውስጥ ቁጭ እንዳልሁ እህቴ ደወለች።

«የት ደረስሽ? ሽማግሌዎቹ ገብተዋል።»

«ኮምቦልቻ ነኝ።»

«ኮምቦልቻ? ጠዋት መጣሁ ብለሽኝ አልነበር እንዴ?»

«ሥራ ጠርቶኝ ተመለስሁ። አፉ በይኝ፣ አትቀየሚኝ።»

ከኋላዋ የሴቶቹ እልልታ ይሰማኛል። ከዚያ «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አለችኝና ዘጋችው። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የአስር ሶላት ሊደርስ ሲል መስመሩ እኔ ሳልነካው ተመለሰ፣ ሰነዱም ገባ። ሥራ አስኪያጁ ደውለው «ተባረኪ» አሉኝ።

ሰኞ ቢሯቸው ገብቼ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ። «የሰርቨሩ መልእክቶች ለእርስዎም ይድረሱ?» በደስታ ተስማሙ። ምንም ተንኮል አላሰብሁም ብል እዋሻለሁ። ያን ሳምንት መብራቱ ሲሄድ ሲመጣ ሰነበተ። ዓርብ ጁምዓ ላይ ስልካቸው ሲጮኽ ሰው ሁሉ ዞሮ እንዳያቸው፣ ከለቅሶ ቤትም ተነሥተው እንደወጡ ራሳቸው ነገሩኝ። ፊታቸው ደክሟል።

«የእኔን ቁጥር አውጪው» አሉኝ።

«የእኔንስ?»

«ያንቺማ ሥራሽ ነው።»

«እንግዲያው ጋሼ፣ ለሥራው ሌላ ሰው ይፈልጉ። እኔ በቃኝ።»

የቤት ኪራይም፣ ለወላጆቼ የምልከውም ከዚያው ደመወዝ ነው። እሳቸው ግድግዳው ላይ ያለውን ስክሪን አዩ። ከዚያ፣ «እስቲ ተቀመጪ» አሉ።

ከዕቃ ግምጃ ቤት ኮምፒውተር የምትወድ አንዲት ባልደረባ ተዛወረችልኝ። ክረምቱን ሙሉ አስተማርኋት፤ ሥራውን ስትለምድ ማስጠንቀቂያውን ሳምንት እየተቀያየርን መያዝ ጀመርን። በመጀመሪያው የእሷ ሳምንት ቢስቲማ ሄድሁ። እህቴ ባሏ ቤት ተቀበለችኝ፤ ሻሉን ሳትዘረጋው ወደ ጓዳ አስገባችው። ስለ ኒካው አላነሳችም። ምሳ አቅርባ ከጎኔ ተቀመጠች፣ ስልኬ ጠረጴዛው ላይ በጠራ ቁጥር ግን ቀድማኝ ታየዋለች።

«እናታችን ናት» ትለኛለች፣ ወይም «ቁጥሩን አላውቀውም»።

«ዛሬ ከሥራ ማንም አይጠራኝም» አልኋት።

«እናያለን» አለችና ወጥ ጨመረችልኝ።