በዱዓ መሀል የተጠራው ስም

ሰኞ፣ ጥቅምት 17። ይህን መጻፍ እንዳለብኝ እንጃ፤ ግን ዛሬ ማለት የሌለብኝን "አሚን" አልኩ።

እናቴ መውለጃዋ ደርሷል። የምትወለደው ልጅ ሴት እንደሆነች በምርመራ ነግረዋታል።

በሰላም እንድትገላገል ዛሬ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ቤታችን ተሰብስበን ወዳጃ፣ የጋራ ዱዓ፣ አደረግን። ዱዓውን የምትመራው የአባቴ እህት አክስቴ ሞሚና ነበረች። መሀል ላይ "ያ ረቢ፣ ዘሀራን በሰላም አሳየን" አለች። ቤቱ ሁሉ "አሚን" አለ። እኔም።

ዘሀራ የሟች አያቴ፣ የአባቴ እናት፣ ስም ነው። ካቻምና የተወለደችው እህቴም ዘሀራ ነበረች፤ መዳህ ሳትጀምር ሞተች።

እናቴ ይህችኛዋን "ሀዊ" ልትላት ትፈልጋለች። ለአባቴ መንገር አልደፈረችም፤ የምናውቀው እሷና እኔ ብቻ ነን።

ስሙ ሲጠራ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ አየችኝ።

"ስም እኮ የሚወጣው በሰባተኛው ቀን ነው" አልኩ፣ ቀስ ብዬ።

"አሚን የተባለበት ስም አይመለስም" አለች አክስቴ። "ደግሞ አንቺ መናገር የጀመርሽው መቼ ነው?"

ሴቶቹ ሳቁ። (እውነቷን ነው፤ ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ እንኳ "አቤት" የምትልልኝ ጓደኛዬ ነች።)

ሁሉም ከሄዱ በኋላ እናቴ "አብሽሪ፣ ተይው" አለችኝ። እጇን ግን ከሆዷ ላይ አላነሳችም።

እናንተ ቤት ስም የሚያወጣው ማነው? እናት ትጠየቃለች? እስቲ ንገሩኝ።

አባቴ ባቲ ገበያ ሄዷል፤ ነገ ይመለሳል። አክስቴ ሳታገኘው መናኸሪያ ሄጄ እጠብቀውና፣ እናቴ ያን ስም ደግማ መጥራት እንደማትችል እነግረዋለሁ።