የአባቴ መኪናና የእናቴ መኪና

ባለፈው ሳምንት ትምህርት ቤቶችን ለመጎብኘት ከዲላ ቡሌ ወጥተን አደርን። ዲላ ብዙ ዓመት ስኖር ሰውነቴ ሙቀት ለምዶ ኖሮ በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልዬም ስንቀጠቀጥ ነጋ። ጠዋት ጉም ጓሮውን ውጦታል፣ የእንሰቱ ቅጠል ጠርዝ ላይ ውርጭ ነጥቷል፤ ወጣቱ ሾፌራችን እጁን እያሻሸ ገባና ቁልፉን አዞረው። መኪናዋ «ጠቅ» አለችና ዝም አለች። ደግሞ አዞረው፤ አሁንም «ጠቅ»። ባልደረቦቼ ስልካቸውን አውጥተው ሌላ መኪና መፈለግ ጀመሩ። እኔ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ ሴትዮ፣ ያቺን ድምፅ ስሰማ ፈገግ አልኩ። ልጅ ሆኜ በዚህችው ከተማ አንድ የብርድ ወራት ሙሉ የቤታችን እንጀራ በዚያች ድምፅ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

አባቴ በራሶ ለአንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። የሚነዳት ላንድክሩዘር ድሮ ነጭ እንደነበረች የሚታወቀው በሩ ሲከፈት ብቻ ነው፤ ውጭዋን የቡሌ ጭቃ የራሱ አድርጎታል። ማታ ከቤታችን በላይ ባለችው ቁልቁለት ላይ ያቆማታል፣ ጠዋት እምቢ ካለች ተገፍታ እንድትነሳ። በዚያ ዓመት ብርዱ ሲገባ እምቢታዋ በሳምንት አንዴ ነበር፤ ኅዳር ሲጋመስ በየቀኑ ሆነ። ቁልቁለቱ አጠገብ የነበረው ቤተ ክርስቲያን ምእመናን የማለዳ ጸሎታቸውን ጨርሰው ሲወጡ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ እያደረጉ የመኪናዋን ኋላ ይይዙ ነበር፤ ከጊዜ ብዛት ማን በቀኝ ማን በግራ እንደሚገፋ ሳይቀር ቦታው ታወቀ። አንድ ዲያቆን እንዲያውም ከመዝሙሩ ይልቅ ይህኛው ያሞቃል ይል ነበር።

አባቴ ያልሞከረው የለም። መጀመሪያ የባትሪውን ራስ ነጭ ዝገት በፈላ ውሃ አጠበ፣ ገመዶቹን ፈትቶ አሰረ። ከዚያ ብርዱ ነው ብሎ የእኔን ብርድ ልብስ ወስዶ ኮፈኑ ላይ አለበሰ፤ ማታ ማታ ናፍጣ የሚሸት ብርድ ልብስ ለብሼ መተኛት የጀመርኩት ያኔ ነው። ያም አልበጅ ሲል ባትሪውን ፈትቶ ቤት ያስገባው ጀመር። እሳቱ አጠገብ፣ ለእንግዳ በሚለቀቀው ቦታ፣ ጆንያ ተነጥፎለት ይቀመጣል፤ እናቴ ወርቅነሽ በሩ ሲንኳኳ «እንግዳችሁ መጣ፣ ቦታ ልቀቁ» ትለን ነበር። እንዳንነካው በብርቱ ተነግሮን ሳለ አንድ ቀን ተደግፌው የትምህርት ቤት ቀሚሴ በአሲዱ እንደ ወንፊት ተበሳ፤ እናቴ ልብስ ሰፊ ስለነበረች ሳትቆጣ ጣፈችልኝ፣ መጣፊያው ግን ቀለሙ ስላልገጠመ ዓመቱን ሙሉ ታሪኩን ለሁሉም ይናገርብኝ ነበር።

በመጨረሻ መሥሪያ ቤቱ አዲስ ባትሪ ሰጠው። ሁለት ሳምንት ያህል መኪናዋ በአንድ ዙር እየተነሳች አባቴም ጠዋት ጠዋት እያፏጨ ወጣ። በሦስተኛው ሳምንት «ጠቅ»።

ከዚያ በኋላ ነገሩ የመኪና ብቻ መሆኑ ቀረ። አባቴ መኪናዋን ዲላ ወርዶ ለመካኒኩ ለጋሽ ከድር አሳየ። ጋሽ ከድር በከተማው የታወቁ እጀ ብልህ ሰው ነበሩ፤ ግን መኪናዋ ጋራዡ የደረሰችው ቀትር ላይ፣ ሰው ጥላ በሚፈልግበት ሰዓት ነበር፤ ቁልፉን ሲያዞሩት ወዲያው ተነሳች፣ ሦስት ጊዜ አጥፍተው ሦስት ጊዜ አስነሷት። «ደህና ናት» ብለው ጽፈው ሰጡ። ያቺ ወረቀት ቢሮ ስትደርስ መኪናዋ ደህና ከሆነች ደህና ያልሆነው ሾፌሩ ነው ተባለ፤ አዲሱን ባትሪ ዲላ ሸጦ አሮጌ አስገብቶበታል የሚል ወሬም ከየት እንደተነሳ ሳይታወቅ ከተማውን ዞረ። ኃላፊው አቶ ጴጥሮስ ደብዳቤ ጻፉለት፤ በአሥር ቀን ውስጥ በቂ ምላሽ ካልሰጠ ከሥራ እንደሚሰናበት። አባቴ ደብዳቤውን ለእናታችን ሲያነብላት እኛ ልጆቹ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርን። ሌባ የሚል ቃል ደብዳቤው ውስጥ አልነበረም፤ አባቴ ግን አንብቦ ሲጨርስ «ሌባ ብለውኛል» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር አጣ፤ ሁልጊዜ ስነቃ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አገኘው ነበር።

ከአሥሩ ቀን አምስቱ ሲያልቅ፣ አንድ ጉም የበዛበት ጠዋት፣ ምእመናኑ ገፍተው መኪናዋ ተነሳች። እናቴ ለባትሪው ራስ የሚሆን የፈላ ውሃ በማንቆርቆሪያ ይዛ መጥታ ኮፈኑ አጠገብ ቆማለች፤ እኔም ቀሚሷን ይዤ ከኋላዋ ነኝ። ሞተሩ እንደተነሳ ከውስጥ ሲጥ የሚል ጩኸት ይወጣ ነበር። ሁላችንም ለምደነው ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ ሲሞቅ የሚጠፋ፣ የብርድ ለቅሶ የምንለው ነው። እናቴ ጎንበስ ብላ አዳመጠችው።

«በራሶ» አለችው፣ «የኔም መኪና ቆዳው ሲላላ እንዲህ ነው የሚጮኸው።»

አባቴ ሳይወድ ሳቀ። «ይቺ እኮ ልብስ አትሰፋም።»

«ልብስ አትስፋ። እኔ መርገጫውን ስረግጥ ትልቁ ጎማ ይዞራል፤ ቆዳው ላልቶ ከሆነ ግን ትንሹ ላይ ይንሸራተታል፣ መርፌው አይወርድም። እግሬ ይደክማል እንጂ ልብሱ አይሰፋም። ያንተስ ጎማ እየዞረ ባትሪውን የሚሞላው ነገር የለም?»

አለ እንጂ፤ ዲናሞው አለ፣ ሞተሩ ሲዞር በጎማ ቀበቶው በቺንጋ የሚያዞረው፣ ባትሪውን የሚሞላው። ቺንጋውን እሱም ጋሽ ከድርም አይተውታል፤ አልተበጠሰም፣ አልተሰነጠቀም፣ በጣት ሲጫኑትም በእርጅና ደርቆ የጠበቀ ይመስላል። ዲናሞው መሙላት ሲያቆም ሾፌሩ ፊት መብራት ያለባት ትንሿ ቀይ አምፖል ደግሞ ከተቃጠለች ዓመት አልፏታል። ሞተሩን አጠፋና እጁን አስገብቶ ቺንጋው የሚያዞረውን የዲናሞውን መዘውር ነካው፤ ወዲያው እጁን ስቦ ጣቱን አፉ ውስጥ ከተተ። በዚያ ብርድ፣ ገና ከተነሳች አምስት ደቂቃ ሳይሞላት፣ እንደ ምጣድ ግሏል። እናቴ አፍንጫዋን አስጠግታ «ጎማ ይሸታል፣ ተንሸራትቶ ነው የተቃጠለው» አለች።

አባቴ መፍቻውን አነሳ። በዚህ ጊዜ እናቴ ክንዱን ያዘችው።

«አትንካው።»

«ለምን? አሁን አጠብቄው ያልቃል እኮ።»

«ካጠበቅከው ነገ በአንድ ዙር ትነሳለች። ያን ጊዜ ባትሪውን መልሶ አስገባው ይሉሃል። ተወው፣ እንዳለ ይዩት። በብርዱ፣ በጠዋቱ፣ እዚሁ መጥተው ይዩት።»

ዛሬ ሳስበው ያቺ ቃል ናት ያዳነችን። መፍቻ በእጁ ይዞ፣ መፍትሔው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ሆኖ፣ መኪናዋን እንደታመመች መተው ለሾፌር ምን ያህል እንደሚከብድ የገባኝ አድጌ ነው። መፍቻውን ኪሱ ከተተና ጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ ዲላ ወረደ። በማግስቱ ማምሻውን ጋሽ ከድርን አስከትሎ ተመለሰ። ጋሽ ከድር በስስ ሸሚዝ መጥተው እናቴ ጋቢ ደረበችላቸው፤ ቆጮ በጎመን አቅርባላቸው እሳቱ ዳር፣ እንግዳው ባትሪ ይቀመጥበት በነበረው ቦታ ተቀመጡ። ባትሪው ያን ማታ ውጭ፣ ከነመኪናው አደረ።

ጠዋት አቶ ጴጥሮስ በአባቴ ጥሪ፣ ጆሯቸው ድረስ ተሸፋፍነው፣ ከሁለት የቢሮ ሰዎች ጋር መጡ። ምእመናኑም ወጥተው ቆመዋል፤ ያን ቀን ሊገፉ ብቻ አልመጡም። ጋሽ ከድር ራሳቸው ገብተው ቁልፉን አዞሩት። «ጠቅ»። መኪናዋ ተገፍታ ስትነሳ ጩኸቱ መጣ፤ ጋሽ ከድር የኤሌክትሪክ መለኪያቸውን የቴስተሩን ሁለት ገመድ ባትሪው ራስ ላይ አድርገው ኃላፊውን ጠሯቸው።

«ይመልከቱ፤ ሞተር እየሠራ ይቺ መርፌ ወደ አሥራ አራት ቮልት መውጣት ነበረባት። አሥራ ሁለትም አልሞላች። የሚሞላው የለም ማለት ነው፤ አሥር አዲስ ባትሪ ቢገባ አሥሩም ያልቃል።»

ሞተሩ ጠፋ። የዲናሞውን ብሎን አላልተው፣ በአንድ ብረት ወደ ኋላ ስበው፣ ቺንጋውን ወጥረው አጠበቁት። እንደገና ሲገፏት ጩኸቱ የለም፤ መርፌዋ ቀስ እያለች ወደ አሥራ አራት ወጣች። አቶ ጴጥሮስ መነጽራቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ደግመው አዩ።

«ታዲያ ዲላ ላይ ደህና ናት ብለው አልጻፉም?» አሏቸው።

ጋሽ ከድር አንገታቸውን ደፉ። «ቀትር ላይ ነው ያየኋት። በሙቀት ግማሽ ባትሪም ያስነሳታል። ቡሌ ማደር ነበረብኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

አቶ ጴጥሮስ ግን ጠንቃቃ ሰው ነበሩ፤ አባቴ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ እንዲነዳት፣ ማታ ኮፈኑ ሳይለብስ፣ ባትሪው ሳይፈታ ሜዳ ላይ እንድታድር አዘዙ። በማግስቱ ውርጩ ከሁሉ ቀን የባሰ ነበር። ቁልፉን ያዞሩት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። በአንድ ዙር ተነሳች። ወርደው አባቴ ፊት ቆሙና እጃቸውን ዘረጉ።

«አቶ በራሶ፣ ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤውን ዛሬ በሌላ ደብዳቤ እሽረዋለሁ።»

አባቴ እጃቸውን ጨበጠ። ጋሽ ከድር ጋቢውን አጣጥፈው ለእናቴ ሲመልሱ «እትዬ ወርቅነሽ፣ ጋራዥ እንዳይከፍቱብኝ» አሏት፤ እሷም ያልጨረሰችው የሙሽራ ቀሚስ እንዳለ ነግራቸው ወደ ቤት ገባች።

አባቴ ተከትሏት ገብቶ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ አልጋው ላይ ጋደም አለና እንቅልፍ ወሰደው። ስንት ቀን ያጠራቀመው እንቅልፍ ነበር፤ እስከ ከሰዓት በኋላ አልተንቀሳቀሰም። እናቴ ሥራዋን አቁማ፣ እኛን ከንፈሯ ላይ ጣቷን አድርጋ ዝም አሰኝታ፣ በሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች። ስታለቅስ አየኋትና ደነገጥኩ፤ ደህና ነው፣ ደስ ብሎኝ ነው አለችኝ በሹክሹክታ። ጎረቤት ሁሉ ወሬውን ሰምቶ እንኳን ደስ አላችሁ ሊል ሲመጣ ተኝቷል እያለች ከደጅ መለሰቻቸው፤ እነሱም እግራቸውን እያቀለሉ ተመለሱ።

አባቴም እናቴም ካረፉ ቆይተዋል። ቤታችን የነበረበት ቦታ ዛሬ የብሎኬት ግንብ አለበት፤ ቤተ ክርስቲያኑ ሰፍቶ ቁልቁለቱን በአጥር ከልሎታል። ከዚያ ወዲህ እኔም ከብዙ ጭንቅ ወጥቻለሁ፣ ተመስገን ያልኩበት ቀን ብዙ ነው፤ ግን ብቻዬን ነው የምለው፣ በስልክ የደረሰኝን መልካም ወሬ አንብቤ፣ ስልኩን ቦርሳዬ ከትቼ። አንድ ሰው እንዲተኛ ብሎ መንደር ሙሉ ሰው እግሩን አቅልሎ ሲሄድ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።